ድንኳን የሌለበት ፊልም

ከኮልፌ በወጣሁበት ጠዋት ወንድሜ ሻንጣዬን ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ሙዘይን አጥሩን ተደግፈዋል፤ ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች በረንዳው ላይ፣ የቀሩት ሴቶች መንገድ ዳር። ባሌ የሞተ ጊዜ ድንኳን የተከሉ፣ ንፍሮ የቀቀሉ፣ አብረውኝ ያደሩ እነሱ ናቸው። አንድ በአንድ ስመውኝ ተሰነባበትን።

አሮጊት ልጦር ጣሊያን አገር ቶሪኖ ገባሁ፤ ራሴም አሮጊት ነኝ። የዚህ አገር ዝናብ እንደ ኮልፌው ጮሆ አይመጣም፣ ቀኑን ሙሉ ይነፋረቃል። ክፍል ያከራየችኝ ሲኞራ ካርላ በጋዜጣ ላይ ስለ ፊልም ትጽፋለች። በልጄ ዕድሜ ሆና «አስካለ» ትለኛለች። የኪራይ ውሌ ሊያልቅ ነው፤ ያለ ውል ደግሞ ፔርሜሶ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ አይታደስም። ሲኞራ ፊልም ወደሚታይበት አዳራሽ መጥቼ ስለ አንድ ፊልም ከተናገርኩ አዲሱን ውል እንደምትፈርም ነገረችኝ።

ፊልሙ የድሮ ነው፣ ዘፈን ብቻ። ጥንታዊ ተረት ወስደው የጥቁር ድሆች ሰፈር ውስጥ አስገብተውታል። ዘፋኙ የሞተች ሚስቱን ከሙታን አገር ሊያመጣ ይሄዳል፤ ዞር ብሎ ሲያያት ያጣታል። ሲያልቅ ተቺዎቹ ተራ በተራ ተነሡ። አንዱ የቀሚሶቹን ቀለም አደነቀ። ሌላው ድህነት እንዲህ አምሮ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። የቆርቆሮ ጣሪያ እንደሚያፈስ የነገረው የለም።

ሲኞራ ፊልሙ ሰፈሬን አስታውሶኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አብራኝ የምትከራየው የዘነበወርቅ ሰፈር ልጅ ሐያት ከጎኔ ሆና በአማርኛ አንሾካሾከች።

«እማማ፣ ዛሬን አዎ ይበሏት። ካስፈረሙ በኋላ ይሰድቧታል።»

ተነሣሁ። «ሴት ሞታ ጎረቤቱ ይጨፍራል። ድንኳኑ የት አለ? ባልየውን ብቻውን ሬሳ ፍለጋ የሚያዞር ምን ዓይነት ሰፈር ነው? ይህን የሠራ ሰው ጎረቤት ኖሮት አያውቅም።»

«ተረት እኮ ነው፣ አስካለ።»

«ተረት ከሆነ ሰፈርሽ ነው አትበይኝ።»

አንድ ሽማግሌ ሳቁ። ሲኞራ አልሳቀችም።

በማግስቱ ውሉንና ጋዜጣውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። ጽሑፏን የላከችው ገና ፊልሙ ሳይታይ ነበር፤ አንዲት አፍሪካዊት አሮጊት አገሯን አይታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች ይላል።

«ማንም ቢጠይቅሽ እውነት ነው በይ፤ አሁኑኑ እፈርማለሁ» አለችኝ።

«ባሌን ስቀብር እንኳ ሰው ፊት አላለቀስኩም» አልኳት።

ብዕሩን ከደነችው። የክፍሌን ቁልፍ ጋዜጣው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።