ጠበሉና ጤፉ

አምና ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ላቀርብ ሁለት ቀን ሲቀረኝ። እኔ ልርሳው ብል እንኳ እቤታችን ማንም እንድረሳው አይፈቅድልኝም።

የምንኖረው ልደታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ከማርያም ስትመለስ ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ መጣች። እኔ ላፕቶፔ ላይ አቀርቅሬ ጽሑፌን አርማለሁ። እንደ ልማዷ ራሴን ረጨችኝ። አሜን ብዬ ሳልጨርስ ወደ ላፕቶፑ ዞረችና እሱንም አጠመቀችው፣ ያውም ሳትሰስት።

ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ብሎ ጠፋ።

"እማዬ፣ ምን አደረግሽ?"

"ሰኞ አብሮሽ አይደል እንዴ የሚቀርበው?" አለች።

ሻይ ቢሆን ኖሮ ሰፈሩን በጩኸት እቀውጠው ነበር። ጠበል ላይ ግን እንዴት ይጮሃል? ጽሑፌ ያለው ደግሞ እዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው።

እንግዲህ የተማርኩት እኔ ነኝና መላውም ከእኔ መጣ። የራሰ ዕቃ ሩዝ ውስጥ ሲቀበር እርጥበቱን ይመጥጥለታል ሲሉ ሰምቻለሁ። እቤት ሩዝ የለም። ወፍጮ ቤት ሊሄድ የተዘጋጀ ጤፍ ግን በጆንያ ቆሟል። ጤፍ ከሩዝ ስለሚደቅ የበለጠ ይመጥጣል ብዬ ላፕቶፑን እዚያ ቀበርኩት።

"ተይ ልጄ፣ ጤፍ የማይገባበት ቀዳዳ የለም" አለችኝ እናቴ። ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቃለች ብዬ አልሰማኋትም።

ከሰዓት በኋላ አውጥቼ ሜክሲኮ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ጠጋኙ ከፍቶ ሲያዘነብለው ጤፉ ጠረጴዛው ላይ ዝርግፍ አለ።

"እህቴ፣ ውሃውስ ደርቋል" አለኝ። "እኔን የቸገረኝ ይሄ ጤፍ ነው።"

ደግነቱ ጽሑፌ አልተነካም። በፍላሽ ገልብጦ ሲሰጠኝ እዚያው ልስመው ምንም አልቀረኝ። ሰኞ በጓደኛዬ ላፕቶፕ አቅርቤ አለፍኩ። እናቴ ታዲያ ለመጣ ለሄደው ሁሉ፣ "ጠበሉማ አዳነው፤ ልትገድለው የነበረችው እሷ ናት" እያለች ታወራለች።

አሁን ሥራ ይዣለሁ። ከባድ ስብሰባ ባለብኝ ጠዋት ጠርሙሱን ስታነሳ ሳይ፣ መጀመሪያ ላፕቶፑን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ዚፑን እዘጋለሁ። ከዚያ አንገቴን ደፋ አደርግላታለሁ።

ባለፈው ግን ጠበሉን ረሳችው። ቦርሳዬን እንዳነገትኩ፣ ታክሲ እያመለጠኝ፣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት።