የደሃቦ ወገብ

ሽንሌ ጤና ጣቢያ የተመደብኩት በሰባ አምስት ዓ.ም. ነው። ለሁለት ዓመት ብለው ልከውኝ እዚያው ረሱኝ። ስለ ሙቀቱ አላወራም፤ የቀመሰ ያውቀዋል። ጠዋት ወባ፣ ከሰዓት የሕፃን ተቅማጥ፣ በመሃል ደግሞ «መርፌ ውጊኝ» የሚለው ሰው ሁሉ። እዚያ አገር መርፌ የማይወጋ ሐኪም፣ ሐኪም አይባልም። እኔ ደግሞ ጭራሽ ሐኪምም አልነበርኩም፤ ጤና ረዳት ነኝ። ግን ማን ሊሰማኝ! «ዶክተር መሠረት» የሚል ስም ለጠፉብኝ፣ እኔም «አይደለሁም» ማለቱ ሰለቸኝና ተውኩት።

ደሃቦ የመጣችው አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በር ልዘጋ ስል ነው። ረጅም፣ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄድ ሴት ናት። ሥራዋ ኮንትሮባንድ ነው፤ ከተማው በሙሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። በባቡር ደወሌ ድረስ ትሄድና ከጅቡቲ የገባ ጨርቅ ገዝታ ትመለሳለች። ጨርቁን በሻንጣ አትይዘውም። ከጡቷ ሥር እስከ ዳሌዋ ጥብቅ አድርጋ ገላዋ ላይ ትጠመጥመዋለች፤ ከላይ ሰፊ ቀሚሷን ታጠልቅበታለች። ስትሄድ ቀጭን፣ ስትመለስ ወፍራም። የጉምሩክ ፊናንሶቹም ሰው ናቸው፣ አንዳንዴ ያያሉ፣ አንዳንዴ አያዩም።

«ወገቤ ከዳኝ። መርፌ» አለችኝ፣ እንደ ሱቅ ዕቃ።

«መቼ ነው የሚያምሽ?»

«ቤት። ባቡር ላይ ጤነኛ ነኝ፤ ወላሂ፣ ከደወሌ እዚህ ድረስ ቆሜ ብመጣ ምንም አይለኝም። ቤት ገብቼ ባሺርን ላነሳ ስል ግን ቁርጥ! በሽታው ያለው ቤቱ ውስጥ ነው።»

እውነቷን ነው፣ ቤቱን ነበር የጠረጠረችው። ሼክ አስመጥታ ቁርኣን አስቀርታበታለች፤ የባሺርን አልጋ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው አዙራለች፤ በመጨረሻ በሩን እንኳ በሌላ በኩል ልታስከፍት ነበር።

ባሺር ባሏ ነው። ባቡር ጣቢያ ጫኝና አውራጅ ነበር፤ ከሶማሊያው ጦርነት ማግሥት ከፉርጎ ላይ ወድቆ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ልጅ የላቸውም። ጠዋት ከአልጋው አንስታ ጥላ ሥር ታስቀምጠዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ማታ መልሳ ታስገባዋለች። ደወሌ ስትሄድ ጎረቤቶች ያዩታል፤ ግን እንደ እሷ የሚያነሳው የለም። እንደዚያ ያለ ሰው ካልተነሳና ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል፤ ቁስሉ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ከዚያ በኋላ እኔም የማደርገው የለኝም። ወንድሙ ጉሌድ ደግሞ ከደምበል ልኮባታል፦ «ካቃተሽ ዝናቡ ሲያባራ መጥቼ እወስደዋለሁ፤ ወንድሜ መሬት ለመሬት ሲጎተት አላይም።» ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ግን ጉሌድ ከግመሎቹ ጋር የሚዞር ሰው ነው፤ እዚያ ጤና ጣቢያ የለ፣ ሲቆስል የሚያይለት የለ። ባሺር ሄደ ማለት ሞተ ማለት ነበር። ደሃቦም ይህን አሳምራ ታውቃለች።

«በይ ልብስሽን ግለጪ፣ ወገብሽን ልየው» አልኳት።

«አይሆንም።»

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

ያፈረች መስሎኝ በሩን ዘጋሁ። ቀሚሷን ስትሰበስብ ነው የገባኝ፦ በቀጥታ ከባቡር ነው የመጣችው! በአበባማ ጨርቅ እንደ አራስ ልጅ ተጠቅልላለች። ወይ ጉድ! ሳልስቅ ስንት ጊዜዬ ነበር፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ለፊናንስ ብትናገሪ...» ብላ ጀመረች። «እኔን ምን አገባኝ! ፍቺው» አልኳት።

ተፈትቶ ሲያልቅ ያ ቀጥ ያለ ቁመና አብሮ ተፈታ። ሆዷ ወደ ፊት ወደቀ፣ ወገቧ ጎበጠ፣ በእጇ ጠረጴዛውን ያዘች። ጀርባዋን ዳሰስኩት። ከአከርካሪዋ ግራና ቀኝ ያለው ትልቁ ጡንቻ እንደ ጣውላ ደርቋል። ከሥሩ አጥንቱ ላይ የተጣበቀው ትንሹ ግን ጣቴ ሲጫነው ይሰምጣል። ጣቶቼን ከዳሌ አጥንቷ ወደ ውስጥ አስጠጋሁና «እግርሽን አንሺ» አልኳት። እግሯ ተነሳ፣ ወገቧ ተወላገደ፣ ከጣቴ ሥር ያለው ጡንቻ የነቃው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዳ መጥቶ ከሄደ በኋላ በር የሚከፍት ዘበኛ!

መጽሐፍ አይደለም ያስተማረኝ፣ ጀሶ ነው። ስንት የተሰበረ እግር ከጀሶ ፈትቻለሁ፤ ሸንበቆ ሆኖ ነው የሚወጣው። ሌላ ከያዘለት ጡንቻ ለምን ይለፋል? ይተኛል።

መጋዘን ሄጄ ባዶ የወተት ጣሳዎች አመጣሁና አንዱን ባንዱ ላይ ደረደርኩላት። «ይኸውልሽ አጥንትሽ። ከላይ እስከ ታች በረጅም ገመድ ግራና ቀኝ ብወጥረው ምን ይሆናል?» ወጠርኩት፤ መሃሉ ላይ ተጣጥፎ ተንኳኳና ወደቀ። «ትልቁ ጡንቻሽ ይኼ ረጅም ገመድ ነው፤ ብቻውን ሲጎትት ያጣጥፍሻል። እያንዳንዱን ጣሳ ከጎረቤቱ የሚያስሩ ትንንሾች አሉ። ከፊት ደግሞ ሆድሽን ዞሮ የሚይዝ፣ እግዜር ራሱ የጠመጠመልሽ ጨርቅ አለ። እነዚህ ናቸው መጀመሪያ የሚይዙት፣ እጅሽ ገና ሳይነሳ። አንቺ በላዩ ሌላ ስታስሪበት የእግዜሩ ተኛ።»

ጣሳዎቹን አየች፣ እኔን አየች። «ታዲያ መርፌው?»

ኤዲያ! ወጋኋት። ቫይታሚን ነበር።

በኋላ ስሰማ ቤትም ጨርቁን ሳትፈታ ባሺርን ማንሳት ጀምራለች፤ የሚሸጠውን ሸጣ አንዱን ጣቃ ለራሷ አስቀርታ፣ ስትተኛ እንኳ አትፈታውም አሉ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ቤቷ ድረስ ሄጄ ጮህኩባት። «ትገድይዋለሽ! ዛሬ በጨርቁ ታነሺዋለሽ፣ ነገ በጨርቁም አትችይም!» አልኳት። ባሺር ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ «ዶክተር፣ ለእኔም ንገሪኝ። ምን ማድረግ አለባት?» አለ። ደህና አማርኛ ይችላል፤ ጣቢያው ነው ያስተማረው። ያን ቀን ተዋዋልን። ባቡር ላይ ትታጠቅ፣ እንጀራዋ ነው፤ ቤቷ ስትገባ ግን ትፈታለች። እስክትድን ድረስ ባሺርን ጎረቤት ይዛ ለሁለት ታነሳዋለች።

ከዚያ መከራ ጀመርን። በጀርባዋ አስተኝቼ፣ ጉልበቷን አሳጥፌ፣ «ከእምብርትሽ በታች ያለውን በቀስታ ወደ ውስጥ ሳቢ፣ ትንፋሽሽን ግን አትያዢ» እላታለሁ። እሷ ትንፋሿን ጥርቅም አድርጋ ትይዝና ፊቷ ይቀላል። በትንፋሽ የቆመ ወገብ ትንፋሹ ሲወጣ ይወድቃል። ዘዴውን ያመጣው ባሺር ነው። «የባቡር ጣቢያዎቹን ትቁጠርልሽ። የሚያወራ ሰው ይተነፍሳል» አለ። እናም ሆዷን ስባ ይዛ፦ «ሽንሌ... ሀረዋ... አዲጋላ... አይሻ... ደወሌ።» መጀመሪያ አዲጋላ ስትደርስ ይለቃት ነበር።

ቀጥሎ በእጅና በጉልበቷ አንበርክኬ፣ ቀኝ እጅና ግራ እግር፣ ግራ እጅና ቀኝ እግር። ወገቧ ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ዳኛው ባሺር ነው፤ «ፈሰሰ!» ይላል ከአልጋው። እሷ በሶማሊኛ ትረግመዋለች፣ እሱ ይስቃል። የጎረቤት ሴቶች በአጥሩ እያዩ «ደሃቦ ፍየል ሆነች» እያሉ ተንከተከቱ። አንድ ቀን ብርጭቆውን አንስታ ግድግዳው ላይ አደቀቀችው።

«አንቺ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ትያለሽ። እንቁላሉ እስኪሄድ ባሺር ይበሰብሳል!» ብላ አለቀሰች።

እኔም ደክሞኝ ነበር። የኔም ወገብ ያመኝ ነበር፤ ለሷ ያዘዝኩትን እኔ ራሴ አልሠራውም። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ባሺር ግን «ሌላ ብርጭቆ አምጡ» አለ። በማግሥቱ በቆርቆሮ ኩባያ ቀጠልን።

ዝናቡ አባራ፤ ጉሌድ መጣ። የጭነት መኪና ለምኖ፣ ለወንድሙ ፍራሽ አንጥፎበት። እኔ ባሺር ጀርባ ላይ ያለች ትንሽ ቁስል እየጠረግሁ ነበር። ደሃቦ ከባቡር ወርዳ ያኔ ገባች፤ አቧራ ለብሳ፣ ወፍራም ሆና፣ ዐይኗ ከድካም የተነሳ ገብቶ። መኪናውን በር ላይ አይታዋለች። ሰላም እንኳ አላለችም።

«እህቴ፣ አትቆጪ፣ ለአንቺም ብዬ ነው» አለ ጉሌድ።

መጋረጃ ጀርባ ገባች። ስትወጣ ቀጭን ናት፤ ቀሚሷ ሰፍቷት ይንሳፈፋል። ያን ሁሉ ጨርቅ ጉሌድ ጭን ላይ ወረወረችውና «ያዝልኝ» አለችው። አልጋው ሥር ቁጢጥ አለች። ባሺር እጆቹን አንገቷ ላይ ጠመጠመ፤ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። እኔ ሆዷን ነበር የማየው፣ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም። ያዘ። ክንዷ ሳይነሳ፣ ጉልበቷ ሳይዘረጋ፣ አስቀድሞ ያዘ!

«ሽንሌ» አለ ባሺር በጆሮዋ።

«ሀረዋ» አለች፤ ተነሳች።

ሁለቱም እየቆጠሩ በበሩ ወጡ። ደወሌ ሲሉ ጥላው ሥር ነበሩ፣ አስቀመጠችው። ወገቧ አልተወላገደም። እኔ ቆሜ ማልቀሴን ያወቅሁት ጉሌድ ሲያየኝ ነው።

ባሺር አንገቱን ደፍቶ፣ «ጉሌድ እንዲወስደኝ የላክሁበት እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ ስታቃስቺ መስማት አልቻልኩም። ከሄድኩ ወገብሽ ይተርፋል ብዬ ነው» አላት።

«ለማን ነው የሚተርፈው?» ብላ ጮኸችበት። «ያን ሁሉ ጊዜ ፍየል የሆንኩት ለማን መሰለህ? አንተ ሰውዬ!» ከዚያ ወደ ጉሌድ ዞራ፣ «ሻይ ልጣድልህ፣ ጠጥተህ ትሄዳለህ» አለችው። ጉሌድ ጨርቁን እንዳቀፈ ሻይ ጠጣና ፍራሹን ትቶላቸው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አነሳችው። ሰማንያ አንድ ላይ ባሺር ኩላሊቱን ታመመ፤ እንደሱ ያለውን ሰው በመጨረሻ የሚወስደው ብዙ ጊዜ ኩላሊት ነው። ድሬዳዋ ሆስፒታል ወሰድነው፤ አልሆነም። ቁስል ግን አልነበረበትም፤ ገላው እንደ ሕፃን ንጹሕ ሆኖ ነው የተቀበረው። ያጠቡት ሰዎች ነገሩኝ።

ከሐዘኑ በኋላ ደሃቦ ጤና ጣቢያ መጣች። ከደወሌ መሆኗ ነው፣ ወፍራም ነበረች። ቁጭ አለች።

«ወገብሽን አመመሽ?» አልኳት።

«አላመመኝም። ቢያመኝ ጥሩ ነበር።» እጇን ከእምብርቷ በታች አስቀመጠች። «ጠዋት ገና ዐይኔን ሳልገልጥ ይይዛል። እኔ አላዘዝኩትም፤ ለማንሳት ይዘጋጃል። ሽንሌ የሚለኝ የለም፣ እሱ ግን ይይዛል። ከላይ የነበረውን አንቺ አስፈታሽኝ፣ ዶክተር። ይኼ የውስጡ እንዴት ነው የሚፈታው?»

በሩን ዘግቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩ፤ ያን ቀን መርፌም አልጠየቀችኝም።