አባቴ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሐይቅ

ቱሉ ዲምቱ፣ ከንጋቱ 11፡40

ጎሕ ሲቀድ ከኮንዶሚኒየማችን ግቢ ወጣን። የጥቅምት ብርድ ነው፤ የመኪናው መስታወት ጉም ለብሷል። አባቴ ሱብሒ ሰግዶ፣ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከጎኔ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ሰዓት መሪ የሚጨብጠው እሱ ነበር። ከአቃቂ ጭኖ ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ፣ አንዳንዴም እስከ ሞያሌ የሚወርድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ዛሬ የምነዳው እኔ ነኝ። መንጃ ፈቃዴ ዓመት አልሞላውም፤ ከከተማ ወጥቼ ሩቅ ስነዳ የመጀመሪያዬ ነው። አሮጌዋ ኮሮላ የወንድሜ ናት።

ለዚህ ጉዞ ምክንያት የሆነው የዓይን ሐኪሙ ነው። አባቴ ግላኮማ አለበት፤ ከጎንና ከጎን የሚያየው ጠፍቶ መሐሉ ብቻ ቀርቶታል፣ እሱም እየጠበበ ነው። ሐኪሙ ባለፈው ወር “የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን፣ ቃል ግን አልገባም” አለን። ስንመለስ አባዬ ስለ በሽታው ትንፍሽ አላለም። ሳሪስ አቦ ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለ ግን ድንገት፣ “ላንጋኖን አንድ ቀን እንኳ ወርጄ አላየሁትም” አለኝ።

“ሠላሳ ዓመት ሙሉ?”

“ሁልጊዜ በግራ በኩል ያበራል። ጭነት ይዤ የት ልቁም?”

የምሠራበትን ፋርማሲ ፈቃድ ጠይቄ ቅዳሜዬን አስለቀቅኩ።

መቂ፣ ጠዋት 2፡10

በፈጣን መንገዱ እንሂድ ብለው እምቢ አለ። “በድሮው ንጂ። እኔ የማውቀው እሱን ነው።” እውነትም ያውቀዋል። ዱከምን፣ ቢሾፍቱን፣ ሞጆን በጀርባው ነው የሚለያቸው። ወንበሩ ሲንገጫገጭ “ይቺ ጉድጓድ አሁንም አለች?” ይላል። ከአዋሽ ድልድይ በፊት ፍሬን እንድይዝ የነገረኝ እኔ ድልድዩን ከማየቴ በፊት ነው።

“ፍሪሲዮን ላይ እግርሽን አታሳርፊ፤ ይቃጠላል።”

“አላሳረፍኩም አባዬ።”

“ይሰማኛል እኮ።”

አነሳሁት።

መንገዱ ዳር አደይ አበባ መርገፍ ጀምሯል፤ ጤፉ ግን ገና አረንጓዴ ነው። ከመቂ መግቢያ ጀምሮ በሁለቱም በኩል ቲማቲም በሣጥን፣ ሽንኩርት በጆንያ፣ ሐብሐብ በክምር። አንድ ሐብሐብ ገዛን። አባዬ ጆሮው ጋ አስጠግቶ በጣቱ እያንኳኳ መረጠው፤ ሻጯ ሦስት ጊዜ ቀየረችለት፣ እየሳቀች።

ዝዋይ ላይ ቁርስ የተጠበሰ ዓሣ በላን። እሾሁን ለቅሜ ላቀርብለት ስል እጄን በቀስታ ገፋው።

የላንጋኖ ምሥራቃዊ ዳር፣ 4፡50

ከአስፋልቱ ወደ ግራ ታጥፈን ጥርጊያውን መንገድ ያዝን። አቧራው ከኋላችን እንደ ግድግዳ ቆሟል። ግራሮቹ አናታቸው ጠፍጣፋ፣ ጥላቸው ክብ። መንገዱ ሲያልቅ አማን የሚባል የአካባቢው አስጎብኚ ጠበቀን፤ አርባዎቹን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ከአባዬ ጋር ሰላምታቸው በኦሮምኛ ተጀምሮ ረዘመ። ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ልጆቹ ሁሉ ተጠየቁ።

“አባባ፣ ጫካው የዛፍ ሥር ይበዛዋል” አለው በመጨረሻ በአማርኛ። “ቀስ ብለው ይራመዱ።”

አሥር እርምጃ ሳንገባ ሙቀቱ ተቆረጠ። እንዲህ ያለ ጫካ ከአስፋልት ይህን ያህል ቅርብ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ዝግባው ሽቅብ ሄዶ ሄዶ ጫፉ አይታይም። አንድ ዋርካ ሌላ ዛፍ አቅፎ ውጦታል፤ ግንዱን አምስት ሰው እጅ ለእጅ ቢያያዝ አይከበውም። መሬቱ በበሰበሰ ቅጠል ለስልሷል፣ የእግራችን ኮቴ አይሰማም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ማውራት የጀመርኩት ማንም ሳያዘኝ ነው።

ከዚያ ጉሬዛዎቹ መጡ። ነጭ ካባ የለበሰ ጥቁር ጦጣ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲወረወር፣ ጅራቱ ከኋላው ተዘርግቶ አየር ላይ ለአፍታ የቆመ መሰለኝ።

“አባዬ፣ አየኸው?”

“የቱ ጋ?”

ጠቆምኩት። ያቺን የቀረችውን ጠባብ እይታ ቅርንጫፉ ላይ እስኪያሳርፍ ጉሬዛው ሄዷል። ሁለተኛውም ሄደ። ሦስተኛውም።

“ግድ የለም” አለኝ። “አንቺ እዪ።”

የወደቀ ግንድ ላይ አስቀመጥኩት። በስልኬ ቀርጬ፣ አቁሜ ላሳየው አስቤ ከአማን ጋር ጥቂት ራቅን። ጥሩ አድርጌ ቀረጽኩ። ስመለስ ግንዱ ላይ የውኃ ኮዳው ብቻ አለ።

“አባዬ!”

ጫካው ድምፄን ዋጠው። አማን በኦሮምኛ እየተጣራ ወደ አንድ ወገን፣ እኔ ወደ ሌላው። ሥር አደናቅፎኝ በጉልበቴ ወደቅሁ፤ የሚያይ ዓይን ይዤ እኔ ከወደቅሁ እሱ የት ደርሶ ይሆን?

“ወደ ሸምበቆው እንዳይሄዱ ብቻ” አለ አማን ተመልሶ። “ጉማሬ አለ።”

ከዚያ በኋላ ያለውን ደቂቃ በደንብ አላስታውሰውም። የማስታውሰው አማን ጎንበስ ብሎ የጫማ ዱካ ሲያሳየኝ ነው። ዱካው ከቅጠሉ ወጥቶ አሸዋ ላይ ይሄዳል፣ ከሸምበቆው በተቃራኒ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሳይንገዳገድ።

አሸዋው፣ ከቀኑ 6፡20

ጫካው ድንገት አለቀ። ፊታችን ነፋስ የከመረው የአሸዋ ጉብታ፣ ከአንድ ፎቅ ቤት የሚበልጥ፣ ገጹ ላይ ነፋሱ ጣቱን የጎተተበት የመሰለ ሰንበር። አባቴ አናቱ ላይ ተቀምጧል። ጫማውን አውልቆ ጎኑ አስቀምጧል።

በአራት እግሬ ወጣሁ። አሸዋው መዳፌን አቃጠለኝ። ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር፤ የወጣኝ ግን ልቅሶ ነው።

“ለምን ተነሣህ? ለምን?”

“ጫካው ለኔ ጨለማ ነው፣ ልጄ። በዛፎቹ መሐል ብርሃን አየሁ። ወደሱ መጣሁ።” ከዚያ ድምፁን ለወጥ አድርጎ፣ “አስደነገጥኩሽ፤ አጥፍቻለሁ” አለ። ከአባቴ አፍ ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው ሐይቁን ቀና ብዬ ያየሁት። ሰፊ ነው፤ ማዶው ለመኖሩ ምልክቱ ቀጭን የተራራ መስመር ብቻ ነው። ከእግራችን ሥር ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል፤ እየራቀ ሲሄድ ብር ይሆናል። ነጫጭ ወፎች በሰልፍ ውኃውን ሊነኩ ጥቂት ቀርቷቸው ያልፋሉ።

“ሰማያዊ ይመስለኝ ነበር” አለ። “ከአስፋልቱ ላይ ሰማያዊ ነው።”

“አሁን ደስ አይልም?”

 አንገቱን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዙሮ፣ ዳርቻው ከጫካው ጋር ከሚገናኝበት ጀመረ። ከዚያ በጣም፣ በጣም በዝግታ ወደ ቀኝ ያዞር ጀመር። መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ አልገባኝም። ትንሽ ያዞራል፣ ይቆማል፣ ያያል፤ እንደገና ትንሽ። እኔ በአንድ ጊዜ የዋጥኩትን ሐይቅ እሱ በቁራሽ በቁራሽ እየሰበሰበው ነበር። ተከትሎኝ የወጣው አማን ሊናገር ሲል በዓይኔ ከለከልኩት።  የሚሰማው ማዕበሉ አሸዋውን ሲልስ ብቻ ነው። ቀኝ ጫፍ ደርሶ ሲያበቃ፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ እንደነበር አወቅሁ።

“ጨረስክ?”

“አልጨረስኩም።” ከቀኝ ጀምሮ ወደ ግራ መመለስ ጀመረ። “እዚህ እስክደርስ ያኛው ተለውጧል።”

ከዚያ ተደግፎኝ ወረደ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ እስከ ጉልበቱ ውኃው ውስጥ ቆመ። በሐይቁ ውኃ እጅና ፊቱን ታጥቦ ውዱእ አድርጎ አሸዋው ላይ ዙሁር ሰገደ። አማንም ከጎኑ ቆሞ ሰገደ። ሐብሐቡን በአማን ቢላ ቆርጠን ለሦስት በላነው።

ቱሉ ዲምቱ፣ ከምሽቱ 1፡30

በመልሱ መንገድ ስለ አነዳዴ ምንም አላለኝም። ተኝቷል ብዬ ነበር፤ ግን አልተኛም። ግቢ ገብተን መኪናዋን ካቆምኩ በኋላ ሁለታችንም ለመውረድ አልቸኮልንም። እናቴ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆማ እጇን ታወዛውዛለች።

“አንቺስ?” አለኝ። “አንቺ ምን አየሽ?”

ጉሬዛውን፣ ዋርካውን፣ ወፎቹን ልዘረዝርለት ፈለግሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር።

“ሐይቁን በደንብ አላየሁትም፣ አባዬ። አንተን ሳይ ዋልኩ።”

 እጁን በአየር ላይ ፈልጎ ትከሻዬን አገኘው።

“እንግዲያው እንመለሳለን። አንቺ ታያለሽ፤ እኔ አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ። የትም አልሄድም።”