ማሽኑ ሳይጠፋ ኩታበር ደርሶ መልስ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ መካነ ሰላም

የደሴው ሚኒባስ ሞተሩን አሙቆ መናኸሪያው ውስጥ ቆሟል። ረዳቱ ቦርሳዬን ሲቀበለኝ ቀላልነቱ አስገረመውና ምን ልታመጣ ነው የምትሄደው አለኝ። የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር አልኩት። መድኃኒት መሰለውና "አላህ ያሽርልህ" አለኝ። አላስተባበልኩም። ትናንት ፈቃድ የሰጠኝ አለቃዬም የመሰለው እንዲሁ ነው።

ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ። የምሄደው ሚሞሪ ካርድ ፍለጋ ነው።

ጓደኛዬ ሰይድ ከመናኸሪያው ጀርባ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ሱቁ ጥግ ላይ አንድ ያረጀ የጌም ማሽን አለው፤ ክዳኑ በላስቲክ ታስሮ ነው የሚሠራው። ውስጡ ያለው የመኪና ጌም ሰፊ አገር ነው፤ ከተማ አለው፣ ቆላ አለው፣ ደጋ አለው፣ በፈለጉት በኩል ይነዱበታል። እኛም ከተማውን ደሴ፣ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ዓባይ በረሃ ብለን ስም አውጥተንለታል። መጨረሻው ላይ በብረት አጥር የተዘጋ ረጅም ድልድይ አለ። የሚከፈተው ውድድሮቹን በሙሉ ላሸነፈ ብቻ ነው። ከድልድዩ ወዲያ ያለውን ማዶ እንለዋለን። ማዶን ከእኛ መካከል ያየ የለም።

ጥፋቱ የካርዱ ነው። የደረስንበትን የሚያስታውሰው እሱ ነበር፤ እሱ ከተቃጠለ ወዲህ ማሽኑ በጠፋ ቁጥር በዚያች በመጀመሪያዋ ጎታታ መኪና ሀ ብለን እንጀምራለን። ሰይድ መላ ዘየደ። ሰኞ ጠዋት የከፈተውን ማሽን እስከ ዛሬ አላጠፋውም። እንዳይግል አራት ቆርኪ ላይ አስቀምጦ፣ ማራገቢያ ደግኖበት፣ ደንበኛ ሲመጣ እያቆመ፣ ደንበኛ ሲሄድ እየቀጠለ ሦስት ውድድር ብቻ ቀረው። ትናንት ደግሞ ምሰሶ ስለሚቀየር ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ መብራት ይቋረጣል ተባለ። ከቀሩት ውድድሮች አንዱ ብቻውን ቀን ሙሉ የሚፈጅ ነው። እንግዲህ ካርድ ይዤ ከዓርብ 8 ሰዓት በፊት ካልተመለስኩ የአምስት ቀን ልፋት ውኃ በላው ማለት ነው።

3 ሰዓት፣ አቀስታ

ቁርስ። ፍርፍሩ በርበሬው የበዛ፣ ሻዩ የሚያቃጥል። ሾፌራችን ጋሽ አበራ በዚህ መንገድ ላይ የሸበቱ ሰው ናቸው። አጠገባቸው ስለተቀመጥኩ እውነቱን ነገርኳቸው። ሳይስቁ አዳመጡኝና እዚያ ጌም ውስጥ መኪናው ገደል ሲገባ ምን ይሆናል አሉ። መልሶ መንገዱ ላይ ያስቀምጠዋል አልኳቸው። ትራፊክስ? የለም። ትርፍ ሰውስ? እሱም የለም። እሳቸው ሻያቸውን ጨልጠው ተነሡና "ታዲያ ምኑን ነዳችሁት?" አሉኝ።

መንገዱ ከዚህ በኋላ ደጋውን ይዞ ይሄዳል። ግራና ቀኝ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ብርድ ያጠቆራቸው የሣር ቤቶች፣ አስፋልቱን የራሳቸው ያደረጉ በጎች። ጋሽ አበራ ለእያንዳንዷ በግ ክላክስ ይነፋሉ፤ ለሚያውቁት ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው።

6 ሰዓት፣ ደሴ

ፒያሳ ዙሪያ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የቀረኝ የለም። አንዱ ልጅ ይሄ ማሽን ገና አለ እንዴ ብሎ ጓደኞቹን ጠርቶ አሳያቸው፤ እኔን ማለቴ ነው። ሌላው የስልክ ሚሞሪ ሊያስታቅፈኝ ሞከረ። ተስፋ ቆርጬ ሳምቡሳ ስገምጥ አንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ጠጋኝ ሰምተውኝ ኖሮ ወደ ሱቃቸው ጠሩኝ። ኩታበር ውስጥ ዘሃራ የምትባል ነጋዴ አለች፣ ልጇ ሁሴን ጂዳ ከመሄዱ በፊት እንዲህ ዓይነት ማሽን ነበረው፤ ሞክራት አሉኝ። ሳምቡሳዬን በወረቀት ጠቅልዬ የኩታበር ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

9 ሰዓት፣ ኩታበር

ኩታበር ከደሴ ቅርብ ናት፤ ብርዷ ግን የራሷ ነው። እትዬ ዘሃራ ዘይት፣ ጨውና የፕላስቲክ ጫማ የሚሸጡበት ሱቃቸው ውስጥ አገኘኋቸው። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ከየት እንደመጣሁ፣ ማግባቴን አለማግባቴን አጣርተው፣ ዳቦ በሻይ አብልተው ሲያበቁ ነው ወደ ጉዳዬ የገባነው። ከመደርደሪያው ላይ አንድ ቆርቆሮ አወረዱ። ካርዷ በላስቲክ ተጠቅልላ እዚያ ውስጥ ነበረች።

ዋጋ ብጠይቃቸው ፊታቸው ተለወጠ።

"አትሸጥም ልጄ። የሁሴን ናት። ማሽኑ ተሰበረና እሷ ብቻ ቀረች። ተገልግላችሁ መልሱልኝ፤ አማና ናት።"

ወሎ ተወልዶ ይህን ቃል የማያውቅ የለም፤ መስጊድ ሄደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ ልዩነት የለውም። አማና የተባለ ነገር እንደተቀበሉት ሆኖ ይመለሳል። ይመለሳል፣ አብሽሩ አልኳቸውና ካርዷን ደረት ኪሴ ከትቼ ደሴ ገባሁ፤ አደርኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ዓርብ፣ 1 ሰዓት፣ ጉጉፍቱ

ዛሬም የምመለሰው በጋሽ አበራ መኪና ነው። ጉሙ ከመስኮቱ አልፎ ውስጥ የገባ ይመስላል። ሰይድ ደወለ፤ ሁለቱን አሸንፌያለሁ፣ አንድ ብቻ ቀረኝ አለ። ድምፁ እንቅልፍ የራቀው ሰው ድምፅ ነው። ሰዓቴን ደጋግሜ ሳይ ጋሽ አበራ አዩኝና በዚህ ጉም ለእናንተ አሻንጉሊት ብዬ ሰው አልፈጅም አሉኝ። ልክ ናቸው፤ እኔ ግን ተናደድኩባቸው።

7 ሰዓት ከሩብ፣ መካነ ሰላም

ከመናኸሪያው ሮጥኩ። ሰይድ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ዓይኑ በርበሬ መስሏል። ሱቁ ውስጥ ስድስት ያህል ሰው ይኖራል፤ ሬዲዮ ሊያሠሩ መጥተው የቀሩ ጭምር። ካርዷን ሰካናት። ማሽኑ አነበባት። ከዚያ ግን ካርዷ ቦታ የላትም፣ ከውስጧ አንዱን አጥፉ አለን።

ሁሴን ያስቀመጣቸውን ዘርዝሮ አሳየን። አራት የኳስ ጌም፣ ሁለት የቡጢ፣ አንድ ደግሞ ይኸው የእኛው የመኪና ጌም፣ ከላዩ የሁሴን ስም ያለበት። ሰይድ ጆይስቲኩን ይዞ ዞር አለና "ሴትዮዋ ካርዷን ስትሰጥህ ምን ብላ ሰጠችህ?" አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር፤ አንደበቴ እምቢ አለ። አማና ብላ ነው አልኩት። ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ተከራከርኩት። ሁለት ቀን ነው የተንከራተትኩት፣ አንዷን የኳስ ብናጠፋ ማን ያውቃል አልኩት። እኛ እናውቃለን አለኝ። ለእትዬ ዘሃራ ደወልኩ። እኔ ባለቤቷ አይደለሁም፣ ሁሴንን ጠይቁት፣ አሁን ሥራ ላይ ስለሆነ ስልኩ ዝግ ነው፣ 12 ሰዓት ላይ ይደውልላችኋል አሉ። 12 ሰዓት ማለት መብራቱ ከሄደ ከአራት ሰዓት በኋላ ነው።

ሰይድ ቢያንስ ማዶን በዓይናችን እንየው ብሎ የመጨረሻውን ውድድር ጀመረ። አንዴ ተሸነፈ። ሁለተኛውን ሲመራ ቆይቶ ዓባይ በረሃ ኩርባ ላይ ተገለበጠ። ሦስተኛውን እንደጀመረ ቴሌቪዥኑ ጨለመ። ማራገቢያው ጥቂት ዞሮ ቆመ። ሰዓቴን አየሁ፤ ለ8 ሰዓት አምስት ደቂቃ ይቀረው ነበር።

ከልቤ ተቆጣሁ፤ በሰይድ፣ በምሰሶው፣ በራሴም። ሰይድ ግን ማሽኑን በእጁ ዳሰሰና በጣም ግሎ ነበር፣ ትንሽ ይረፍ አለ። ወዲያው እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

12 ሰዓት፣ እዚያው

ሁሴን ደወለ። ታሪኩን ሰምቶ ሳቀ። አንዱን ኳስ አጥፍታችሁ አትገላገሉም ነበር እንዴ አለ። ሰይድ እናትህ አማና ብላ ሰጥታን እንዴት እናጠፋለን አለው። ከዚያ ሁሴን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

"እኔም አንድ ውድድር ነው የቀረኝ። የጂዳው መንገድ በድንገት ሆነና ሳልጨርሰው ወጣሁ። ነገ ጠዋት ነፃ ነኝ፤ እያየሁህ ንዳልኝ" አለ።

ቅዳሜ፣ 3 ሰዓት፣ እዚያው

መብራት መጥቷል። ስልኬን በቪዲዮ ከፍተን ቴሌቪዥኑ ፊት አንድ የተበላሸ ሬዲዮ ላይ አስደገፍነው። የሁሴንን ጨዋታ ከካርዷ ከፈትን። መኪናዋ አረንጓዴ ናት፤ ታርጋዋ ላይ በፈረንጅ ፊደል ኩታበር ብሎ ጽፎባታል። ሱቁ በሳቅ ሞላ።

ሰይድ ሁለት ጊዜ ተሸነፈ። ሁሴን ከጂዳ ኩርባው ላይ ፍሬን አትያዝ፣ ማርሽ ብቻ ቀንስ እያለ ያስነዳዋል። በሦስተኛው፣ እግዜር ይስጠው፣ ለጥቂት ቀደመ። የድልድዩ አጥር እየተንቀጠቀጠ ተነሣ።

ሰይድ እንደለመደው ነዳጅ ረገጠ።

"ቀስ በል እንጂ፣ ልየው" አለ ሁሴን።

ሰይድ ቀነሰ። ከኋላ ያሉት የጌሙ መኪኖች ክላክስ እየነፉ አለፉን። እኛ በእግር ሰው ፍጥነት ድልድዩን ተሻገርን። ማዶ ብዙም የሚያስደንቅ አይደለም፦ ቢጫ ሜዳ፣ ራቅ ራቅ ያሉ ቤቶች፣ ቀጥ ያለ መንገድ። የእኛን አገር ደጎሎን አይመስልም ወይ አለ ሁሴን፤ ሁላችንም ቁርጥ ደጎሎ ነው አልን። ሰይድ እንደገና መብራት ሄዶ እንዳይቀድመን ፈርቶ ሴቭ ላድርግልህ ወይ ብሎ ጠየቀው።

ሁሴን ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠግቶ ሜዳውን እያየ ነበር።

"ቆይ፣ ትንሽ እንሂድ" አለ።