ከጉሮሮ የሚወጣ ሳል

ባሌን መጋዘን ውስጥ «ክሬኑ» ይሉት ነበር። ኩንታል ከመኪና አውርዶ ትከሻው ላይ ሲጥለው ትራስ ያነሳ ይመስላል። ቤት ሲገባ ግን ክሬኑ አንድ ባልዲ ውሃ አምጣ ሲባል ወገቡን ይዞ ያቃስታል። ሰነፍ እያልኩ እቀልድበት ነበር።

ብሽሽቱ ላይ ያበጠውን ያየሁት ልብስ ሲቀይር ነው። እንቁላል ያክላል። ሲጋደም ይገባል፣ ሲቆም ይወጣል።

«ቡአ ነው፤ አያምም» አለኝ።

«ታከማ!»

«ካወቁብኝ ያባርሩኛል።»

መጋዘኑ ተሸካሚዎቹን በየዓመቱ ያስመረምራል። ሐኪሙ ብሽሽታቸውን በጣቱ ይዞ «አስል» ይላል። እነሱም ለዚህ መላ አላቸው፤ ሆድን ሳያስጨንቁ፣ ከጉሮሮ ብቻ «እህ፣ እህ» ማለት ነው። የምርመራው ሰሞን እኔ ሐኪም እሆንና «አስል!» እለዋለሁ። «እህ» ይላል እንደ ሙሽራ ተሽኮርምሞ። በሳቅ እንፈርሳለን። እውነትም በየዓመቱ አለፈ።

አንድ ቀን ጓደኞቹ ከሥራ ተሸክመው አመጡት። ሆዱ ተነፍቷል፤ ያስመልሰዋል። ያ እብጠት ድንጋይ ሆኖ አልገባም ብሏል። ሆስፒታል ወስደነው ለቀዶ ጥገና አስገቡት። በሕይወት አልወጣልኝም።

ሐኪሟ አጠገቤ ተቀመጠች። «እናቴ፣ ሰው ሲያስል ሆዱ ውስጥ ግፊት ይጨምራል። የላላ ቦታ ካለ አንጀቱ በዚያ ገፍቶ ይወጣና እጃችንን ይነካናል። አስሉ የምንለው ለዚህ ነው። ቀደም ብሎ ቢታወቅ ሰፍተንለት፣ ትንሽ አርፎ ሥራው ላይ ይመለስ ነበር። አሁን ግን አንጀቱ እዚያው ታንቆ ቀረ።»

ሥራው ላይ ይመለስ ነበር። እሱ እኮ የፈራው ሥራውን እንዳያጣ ነበር። አንጀቴ ተቃጠለ፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

ዘንድሮም የምርመራው ሰሞን ደረሰ። ግድግዳችን ስስ ነው። የባሌ የሥራ ጓደኛ ጎረቤቴ ነውና «እህ፣ እህ» ሲል ሰማሁት። ሚስቱ ትስቃለች። ጫማ እንኳ ሳላደርግ ሄጄ በራቸውን ደበደብኩ።

«ወንድሜ፣ ከሆድህ አስል!» አልኩት ገና ሲከፍት። «ሐኪሙ ፊት ከሆድህ አስል!»

እሱ አቀረቀረ። ሚስቱ ከኋላው ብቅ አለች፤ ሳቋ ጠፍቷል።

«ቢያባርሩትስ? ማን ያበላናል?» አለችኝ።

«እኔንስ አሁን ማን እያበላኝ ነው?» አልኳት።