ማጅራቱ ሞቅ ያለ ልጅ

የሕፃናት ማቆያው ልጆች «እትዬ ውጪ» ይሏቸዋል። እውነተኛ ስማቸውን ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። ይህ ስም የወጣላቸው፣ ጠዋት ልጆቹ ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ «በሉ ውጪ! ውጪ!» እያሉ ስለሚያጣድፏቸው ነው። የብርዱ ወራት ሲገባ ሌሎቹ ሞግዚቶች ማሞቂያው ሥር እግራቸውን ዘርግተው ልጆቹን በአሻንጉሊት ይሸነግላሉ። እትዬ ውጪ ግን ረጅም ገመድ ላይ ቋጠሮ ቋጥረው፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ቋጠሮ አስይዘው፣ እንደ ባቡር እየጎተቱ ከግቢው ጀርባ ወዳለው ሜዳ ይወጣሉ። ጓንት የሌለው ልጅ ካልሲ በእጁ ያጠልቃል።

ሜዳው ላይ ውርጩ ዱቄት የተነሰነሰ መስሎ ይጠብቃቸዋል። ልጆቹ ውሃ ባቆረው ጉድጓድ ላይ የጋገረውን ስስ በረዶ በጫማቸው ቀጭ ቀጭ ያደርጉታል፤ ከአፋቸው የሚወጣውን እንፋሎት ሽቅብ እየለቀቁ «አየሽ፣ ሲጋራ አጨስኩ!» ይባባላሉ። እትዬ ውጪ መሐረብ ይዘው ከአንዱ አፍንጫ ወደ ሌላው ሲሯሯጡ ይውላሉ። መለኪያቸው አንድ ነው። ጣታቸውን በልጁ ኮሌታ ሥር ሰደድ አድርገው ማጅራቱን ይነካሉ። ሞቅ ካለ ይጫወት፤ ከቀዘቀዘ ይግባ።

የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም። ባል አግብተው ነበር፤ ሰውየው «የሰው ልጅ ንፍጥ ስትጠርጊ ውለሽ ለእኔ ምን ተረፈሽ?» ብሎ ትቷቸው ሄደ። እሳቸውም «እውነቱን ነው፣ ምንም አልተረፈኝም» እያሉ ይስቁ ነበር።

ድንቡሼ የሚሉት ልጅ ነበር፤ ጉንጩ ቡፍ ያለ፣ ሲሮጥ የሚንከባለል የሚመስል። እናቱ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው። አንድ ቀን ጠዋት በር ላይ አስረክባቸው፣ ያለወትሮዋ ዓይናቸውን ሳታይ ወደ ሰርቪሷ ሮጠች። ሜዳ ላይ ልጁ በረዶ አልሰበረም፤ ቋጠሮውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እትዬ ውጪ ማጅራቱን ነኩት። ሞቅ ብሏል፤ እንዲያውም ከሁሉም ይበልጥ።

«ጎሽ የኔ አንበሳ! አንተስ ምድጃ ነህ!» ብለው ሳሙት።

ቀትር ላይ ልጁ እንደ እሳት ነደደ። ምንጣፍ ላይ ሲያስተኙት ዓይኑን ገለበጠና ያንቀጠቅጠው ጀመር። እትዬ ውጪ በጋቢ ጠቅልለው በአምቡላንስ ሆስፒታል አደረሱት። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው አለ።

ማታ ነገሩ መንደሩን አዳረሰው፤ «ሴትዮዋ በውርጭ አውጥታ ልጁን ልትገድለው ነበር!»

የድንቡሼ እናት ደርሳ ልጇን ካየች በኋላ፣ ኮሪደሩ ጥግ ላይ እጃቸውን ጨምድዳ ያዘች።

«እትዬ፣ በሞቴ አይናገሩብኝ። ሌሊቱን ሲያተኩሰው ነው ያደረው። ጠዋት የትኩሳት ሽሮፕ አጠጥቼ አመጣሁት። ብቀር ከሥራ ያባርሩኛል። ከሥራ ብወጣ ደግሞ፣ አባቱ ማሳደግ አትችልም ብሎ ይወስድብኛል። ፍርድ ቤት ነው ያለነው።»

እትዬ ውጪ ጣቶቻቸውን አዩ። ያ ማጅራት!

«ምነው ልጄ፣ ምነው ለእኔ እንኳ ብትነግሪኝ? እቅፌ ውስጥ አውለው አልነበር?»

«ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ።»

«በይ ሂጂ፣ ልጅሽ ዘንድ ግቢ። ሆድ ይፍጀው።»

ወላጆች ተሰበሰቡ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ «ልጄ ያለ እትዬ ጉርሻ አይውጥም» ትል የነበረችው ሁሉ አምና የሳለውን፣ ካቻምና ጆሮውን ያመመውን ልጇን እያነሳች ክስ ከመረችባቸው። የድንቡሼ አባት ጠረጴዛ እየደበደበ ጮኸ። እናቱ ከኋላ ወንበር ላይ አቀርቅራ የቦርሳዋን ማንጠልጠያ ትጠመዝዛለች። እትዬ ውጪ አንዴ ብቻ አዩዋት።

«የሚሉት ነገር አለ?» አለች የማቆያው ኃላፊ።

«የለኝም።»

በዚያው ተሰናበቱ። ዘበኛው በሩን ሲከፍትላቸው ሊያጽናና ፈልጎ ነው መሰል፣ «ስምን መልአክ ያወጣዋል ማለት ይሄ ነው፤ እትዬ ውጪን ውጪ አሏቸው!» አለ። ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ።

አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራ አገኙ። እንፋሎቱ ዓይን ያቃጥላል። ድንቡሼ ድኖ መመለሱን ሲሰሙ «ተመስገን» አሉ፤ ለትንሽ ጊዜ ይኸው በቃቸው። ቆይቶ ግን ያ ሆድ ይፍጀው ያሉት ነገር ራሳቸውን ይፈጃቸው ጀመር። ሴቲቱ ወንበር ላይ አቀርቅራ፣ ዝም ብላ፣ እሳቸው ሲታረዱ ማየቷ!

አንድ ቀን ከእሷው ጋር አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተገጣጠሙ። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ…» ብላ ተጠጋች።

«የምትነግሪውን ያኔ በነገርሽ!» ብለው ጀርባቸውን ሰጧት። የመጣው አውቶቡስ የእሳቸው አልነበረም፤ ግን ገቡበት።

ብርዱ ሊያበቃ ሲል በማቆያው በኩል አለፉ። ሜዳው ላይ ማንም የለም። የክፍሉ መስታወት በትንፋሽ ደፍርሶ፣ ውስጡ ትናንሽ እጆች ይርመሰመሳሉ፤ የሳል ድምፅ ይሰማል። ደማቸው ፈላ። ቀጥ ብለው ኃላፊዋ ቢሮ ገቡና ሁሉንም፣ ሽሮፑን ሳይቀር፣ ዘረገፉት።

ኃላፊዋ ተነስታ በሩን ዘጋች።

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ከማን?»

«ከራሷ። እርስዎ ከሄዱ ሳምንት ሳይሞላ እያለቀሰች መጣች። ‹እሳቸውን መልሱልኝ፣ ወላጆቹ ፊት ቆሜ እናገራለሁ፤ ልጄንም ከወሰደው ይውሰደው› አለች።»

«እና?»

«እና ወላጆቹ ገና መረጋጋታቸው ነበር። የታመመ ልጅ ሳናይ ተቀበልን ብል ማቆያውን ይዘጉብኛል። ተይው አልኳት።» ኃላፊዋ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አነሳች፣ አስቀመጠች። «ካልተውሽው ልጅሽን አልቀበልም አልኳት።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

ኃላፊዋ በሩን ከፈተችላቸው። ሲወጡ ምግብ አብሳይዋ ፊቷን አዞረች፤ ዘበኛው የጫማውን ክር ሊያስር አጎነበሰ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ግቢው ሁሉ ሲያውቀው የኖረውን ነው እሳቸው ምስጢር ብለው የተሸከሙት። ይህ እንኳ ያን ያህል አላመማቸውም። ያመማቸው ፌርማታው ነው። ያቺ ልጅ አንድ ነገር ልንገርዎ ስትል ምን ልትነግራቸው እንደነበር አሁን ገባቸው።

ከዚያው ፋብሪካው በር ሄደው ጠየቁ፤ ለቃለች አሏቸው። የተከራየችበትን ቤት አፈላልገው አንኳኩ። አከራይዋ በሩን ገርበብ አድርጋ አየቻቸው።

«ልጁን አባቱ በፍርድ ከወሰደው በኋላ ወጣች። የት እንደገባች አልነገረችኝም። ዘመዷ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ለምን ፈለጓት?»

«አንድ ነገር ልትነግረኝ ነበር፤ አልሰማኋትም» አሉ እትዬ ውጪ። አከራይዋ ብርዱ እየገባባት ነበርና በሩን ዘጋችው። የከሰዓት ፈረቃ ነበሩ፤ በእግራቸው ወደ ሆቴሉ ወረዱ። በዚያን ቀን እንግዳ በዝቶ አንሶላው ተራራ አክሏል። ቁጭ ሳይሉ ያጣጥፉ ጀመር።