የአጎቴ ድህነት

አጎቴ ደሃ አልነበረም። ባለፈው ዓመት በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ልጆቹ እየተፈራረቁ፣ «አባታችን ባዶ እጁን፣ ቆሎ ቆርጥሞ ያሳደገን ሰው ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። መካነ ሰላም ላይ ፎቅ የሠራው የመጀመሪያ ልጁም ያለው ይህንኑ ነው። እኔ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጬ ነበር። እንግዲህ የማውቀውን እጽፋለሁ። የማልጽፈውም አለ፤ እሱ የራሴ ነው።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። የምንኖረው ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ የገጠር መንደር ነበር። አባቴ ቀድሞ ስለሞተ ቤታችን ውስጥ የነበርነው እናቴ፣ እኔና ትንሹ ወንድሜ ብቻ ነን። የአጎቴ ቤት ከእኛ በላይ፣ ጅረቷን ተሻግሮ ነው። በረቱ ውስጥ የሚታዩት ጥንድ በሬና አንዲት የከሳች ላም ነበሩ። የቀሩትን ከብቶች ወግዲ ላሉ ሰዎች እያረቡ እንዲካፈሉት ሰጥቷቸዋል። እህሉ ደግሞ በረቱ ውስጥ፣ ከከብቶቹ እግር ሥር ነበር። ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ አፉን መርጎ፣ አፈርና እበት አልብሶታል። ሰው የሚያየው ከብት የቆመበትን መሬት ብቻ ነው።

ጋቢው ሁልጊዜ የተጣፈ ነው። እኔ ሕፃን ሳለሁ ሚስቱ ደጅ ተቀምጣ ባልተቀደደ ጋቢ ላይ እራፊ ስትጥፍ አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ሳይቀደድ መጣፍ ነው ደጉ» አለችኝ። ያኔ ብልሃት መስሎኝ ነበር።

ከሁሉ የሚብሰኝ ግን መበደሩ ነው። በየዓመቱ አዲሱ እህል ሳይደርስ፣ የሰው ሁሉ ጎተራ በሚሟጠጥበት ወራት፣ አጎቴ ከድሆች ቤት እየሄደ ይበደራል። ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት ነው። ከደሃ የተበደረን ሰው ማን ሀብታም ይለዋል?

ክፉው ቀን ከመግባቱ በፊት በነበረው የዘር ወቅት፣ የመንደሩ ሰው የእናቴን ማሳ በደቦ ሊያርስላት መጣ። አጎቴም መጣ፤ ግን ሞፈር አልያዘም። ሰዎቹ ምሳ ሊበሉ በተቀመጡበት፣ ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«እታለም፣ ዘር አልቆብኝ ማሳዬ ጦሙን ሊያድር ነው» አላት። «አንድ ቁና ገብስ አበድሪኝ፤ በመኸር እመልስልሻለሁ።»

እናቴ ከምትዘራው ሌላ የተረፋት ያቺው አንድ ቁና ነበረች። ለልጆቿ ያስቀመጠቻት ናት። አጠገባችን የሚኖሩ አንዲት ሙስሊም ባልቴት፣ ለደቦው ወጥ ይዘው የመጡ፣ ዝም ማለት አልቻሉም።

«አንተ ሰውዬ፣ ባሏ ከሞተባት ትበደራለህ? ወላሂ ያንተ ድህነት ከኛ ሀብት ይበልጣል!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አጎቴም አብሮ ሳቀ። «ምን ላድርግ እትዬ፣ ደሃ ይሉኝታ አያውቅ» አለ።

እናቴ አልሳቀችም። ገብሱን ሰፈረች፣ እስከ አፍ ገደፉ ሞልታ ቆልላ ሰጠችው። ዓይኑን አላየችውም። ያን ጊዜ ያፈረችው ወንድሟ ደሃ ሆኖባት መስሎኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ። በልጉም ከሸፈ። የዘራነው ገብስ ጣት ሳያክል ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሰዉ መጀመሪያ በጉን ሸጠ፤ ቀጥሎ በሬውን፣ ቀጥሎ የቤቱን በር። ከአቀስታ በኩል ልጆቻቸውን ያዘሉ ሰዎች በመንደራችን እያለፉ ወደ ቆላ ወረዱ። የሚጠይቁን ውኃ ብቻ ነበር፤ ሌላ እንደሌለን ፊታችንን አይተው ያውቃሉ።

እናቴ ቆይታ ቆይታ አንድ ጠዋት ሁለታችንን ይዛ ወደ አጎቴ ቤት ወጣች። የሄደችው እህል ለመለመን አይደለም፤ ያበደረችውን አንድ ቁና እንዲመልስላት ነው። በእሱ ስንቅ ጥቂት ቀን ብንቆይ ዝናቡ ይደርስልናል ብላ አስባለች። ካልሆነ ግን እንደ ሌላው ሰው ዓባይን ተሻግረን ጎጃም መሄዳችን ነው። መንገዱ ወንድሜን እንደማይምረው ታውቅ ነበር። ስድስት ዓመቱ ነው፤ እግሩ እንጨት አክሏል።

አጎቴ ያን ጋቢውን ለብሶ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ነገሩን ሰምቶ አለቀሰ። የምጽፈው እውነት ነው፤ እንባው በጉንጩ ሲወርድ አይቻለሁ። «እታለም፣ እኔም ሞቴን ነው የምጠብቀው» አላት። ውሸታም እንባ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ከልቡ ነበር ያለቀሰው፤ እያለቀሰ ግን አልሰጠንም።

ወንድሜ ወደ በሩ ጠጋ ብሎ አነፈነፈ። ጉድጓድ የሰነበተ እህል ሲቆላ የራሱ ሽታ አለው፤ እርጥብ መሬት መሬት ይላል፣ ትንሽ ይጎመዝዛል። የአገሩ ሰው አይስተውም።

«ጋሼ፣ ቤታችሁ ቆሎ ይሸታል» አለ።

«የበረቱ ሽታ ነው፣ ልጄ።»

«አይደለም፣ ቆሎ ነው!»

እናቴ እጁን ይዛ ጎተተችው። ይባስ ብላ ወንድሟን ይቅርታ ጠየቀች። «አይቀየሙት፣ አያ፤ ራቡ ነው የሚያናግረው» አለችው። ይህቺን ነገር እስከ ዛሬ አልዋጥኳትም።

በማግስቱ ተነሣን። ሙስሊሟ ጎረቤታችን የተቆላ ባቄላ በጨርቅ ቋጥረው ይዘው መጡ። ከራሳቸው አፍ የቀነሱት ነው። «አላህ አብሯችሁ ይውረድ» ብለው ወንድሜን ሳሙት።

ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም። ወንድሜ ዓባይን አልተሻገረም። በረሃው ላይ አተኮሰው፣ ሁለት ቀን በእናቴ ጀርባ ላይ ቆየ፣ ከዚያ አልቆየም። አብረውን ይጓዙ የነበሩ ወንዶች ቀበሩልን። የባቄላው ቋጠሮ ወገቡ ላይ እንደታሰረ ነበር፤ ለእናቴ አስቀምጣለሁ እያለ አልጨረሰውም።

ጎጃም ከርመን ስንመለስ ንጉሡ ወርደው ነበር፤ መሬት ለአራሹ ተብሏል። ካኪ የለበሱ ዘማች ተማሪዎች መንደራችን ደርሰው ሰዉን ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ባለው ወይራ ሥር ሰበሰቡት። የገበሬ ማኅበር ሊቋቋም ነው። ሊቀመንበሩ ከድሃ ገበሬዎች መካከል መሆን አለበት፤ እህል የደበቀም ካለ ይውጣና ይከፋፈላል ተባለ። አጎቴ ከፊት ተቀምጧል። በዚያ ጉባኤ ላይ እንደ እሱ ጋቢ የተጣፈ ልብስ የለበሰ አልነበረም።

ለሊቀመንበርነት ስሙ ሲጠራ ሙስሊሟ ጎረቤታችን ከኋላ፣ «የሱ ድህነትማ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሸታል!» አሉ። ሰው ሳቀ። ዘማቹ ልጅ ግን አልሳቀም። እናቴ እህቱ መሆኗን ጠይቆ አወቀና ወደ እሷ ዞረ።

«እማማ፣ አይፍሩ። ወንድምዎ የደበቁት እህል አለ?»

እናቴ ተነሥታ ቆመች። ነጠላዋን ጎተት አደረግኋት፤ ተናገሪ ማለቴ ነው። እህሉ ቢወጣ ለእኛም ይደርሰናል። ከዚያ በላይ ግን፣ ወንድሜ ሽታውን እንዳልተሳሳተ ሰው ሁሉ ያውቅልኝ ነበር። የፈለግሁት ይህን ብቻ ነው።

«ወንድሜ የለውም» አለች። «እንዲያውም ዘር ያበደርኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ያውቃል።»

ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ በደቦው ቀን አይቷል። ተማሪው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ፤ ጭብጨባ ሆነ። አጎቴ በእናቴ አንድ ቁና ገብስ ሊቀመንበር ሆነ።

በመኸሩ ብድሩን መለሰ፤ እንደገና ሰው እያየው። ቁናውን ሞላው፣ ከዚያ በመዳፉ ጠርጎ ደልዳላ አደረገው። እናቴ ቆልላ እንደሰጠችው አላስታወሰም ወይም አስታውሷል፤ የትኛው እንደሚብስ አላውቅም። እናቴ ተቀብላ፣ የባቄላውን ውለታ ልትመልስ ወደ ጎረቤታችን ቤት ይዛው ሄደች። ሴትዮዋ እጃቸውን አልዘረጉም። «ይሄ የልጁ ነው። እኔ አልበላውም» አሏት። መልሳ አምጥታ ጥግ አስቀመጠችው። አልተዘራም፣ አልተፈጨም።

ብዙ ዘመን ቆይቼ፣ እናቴ ታማ ሳስታምማት ለምን እንደሸሸገችለት ጠየቅኋት። አባታቸው ጎተራውን ደጁ ላይ የሚያቆም ሰው ነበር አለችኝ፤ የመጣ ሁሉ ያየዋል። የሹሙ ሰዎች እየመጡ ይሰፍሩበት ጀመር፤ ጎተራውን በልተው በሬዎቹን ነዱ። አጎቴ ያኔ ልጅ ነው። በሬዎቹን ተከትሎ እየጮኸ ሮጦ፣ በጅራፍ ተገርፎ ተመለሰ። «የታየ ነገር ይበላል» አላት። አባታቸው ሰው ቤት ጥገኛ ሆኖ ሞተ።

«እኔና እሱ ያየነውን አንቺ አላየሽም» አለችኝ።

«የእኔ ወንድምስ?» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሀብታም ለምን የለኝም እንደሚል ሰው ብዙ ምክንያት ይሰጣል። ግብር ፈርቶ ነው፣ ሌባ ፈርቶ ነው፣ ዓይን ፈርቶ ነው። አምናለሁ። ነገር ግን ለሹም የተማራትን «የለኝም» ለእህቱም ደገማት፤ ሌላ ቃል አፉ አልለመደም። በየደጁ እየተበደረ ድህነቱን ሲያስመሰክር ከርሞ፣ አንድ ቁና ሲጠየቅ ከዚያ ድህነት መውጫ አጣ። ይህን ተረድቼለታለሁ። ይቅር ግን አላልኩትም።

እህሉ ጉድጓድ ውስጥ በሰበሰ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልበሰበሰም፤ አጎቴ ጉድጓድ መምረግ ያውቅበታል። ልጆቹ ያንን እየበሉ አደጉ፣ መካነ ሰላም ተማሩ፣ ደሴ ተማሩ።

እንግዲህ በለቅሶው ድንኳን፣ ባለ ፎቁ ልጅ ወደ እኔ ዞረና፣ «እታባ፣ ከሁላችን የምታውቂው አንቺ ነሽ። አባታችን ምን ነበረው?» አለኝ። ያቺ ሙስሊም ጎረቤታችን በሕይወት ቢኖሩ ምን እንደሚሉ ታየኝ። የወንድሜ አፍንጫ ትዝ አለኝ። አፌን ከፈትኩ።

«ምንም አልነበረውም» አልኩ።

«አፈሩን ያቅልለት» አለ ሰዉ። አንዷ ልጁ ንፍሮ በሳህን ሞልታ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። አልነካሁትም። ለምን እንደማልበላ ስትጠይቀኝ፣ ጠግቤአለሁ አልኳት።